አንጀት የሚያርስ ምግብ በአዲስ አበባ ትንንሽ ምግብ ቤቶች

በአማርኛ ቋንቋ ሆድና አንጀት የምግብ ማደሪያ ከመሆናቸው በላይ የስሜትም መኖሪያ ሆነው ይነገራሉ። ያዘነ ሰው «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ ዕንባ የተናነቀው «ሆዴ ባባ» ይላል፤ የሌላው መከራ የተሰማው «አንጀቴን በላው» ይላል። ታጋሹ «ሆደ ሰፊ»፣ በትንሹ የሚያዝነው «ሆደ ባሻ» ይባላል። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» የሚለው ምሳሌም ኀዘን በሰውነት ውስጥ የት እንደሚያድር ያመለክታል። ከነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው «አንጀት ማራስ» የሚለው ነው። ደግ ቃል የሰማ ወይም የናፈቀውን ሰው ያገኘ «አንጀቴ ራሰ» ይላል፤ በብርድ ቀን ትኩስ ሽሮ በእንጀራ የቀረበለትም ሰው ያንኑ ቃል ሳይለውጥ ይደግመዋል። ስለዚህ ቋንቋችን መጽናናትንና መብላትን በአንድ ግሥ አስሮ ይዟቸዋል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፣ በአዲስ አበባ ከቤቱ ውጭ የሚበላ ሰው አንጀት የሚያርስ ምግብ በየትኛው ሰፈርና በየትኛው ሰዓት እንደሚያገኝ፣ በምን ምልክት እንደሚያውቀው፣ ደግሞም ይህ ምግብ በአሁኑ ዘመን ምን ዓይነት ፈተና እንደ ገጠመው ነው። ለጥያቄው ያነሣሣኝ የራሴ ታሪክ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት በውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ፣ በመጀመሪያው ክረምት እናቴ በቋጠረችልኝ ሽሮ በተማሪዎች ማደሪያ ወጥ ሠርቼ በዳቦ በላሁ። ዱቄቱ ከእናቴ ጓዳ የመጣ፣ ቅመሙም ያው ነበር፤ ሆኖም የጠበቅኩትን አላገኘሁበትም። አገሬ ገብቼ በፒያሳ በአንዲት ጠባብ ቤት ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ሳህን ሽሮ የበላሁ ዕለት ግን አንጀቴ ራሰ። በሁለቱ ሽሮዎች መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደ ሆነ ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ ኖሬአለሁ።

የምግቡ ጠባይ

አንድ ኢትዮጵያዊ የሚወደውን ምግብ ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ዶሮ ወጥን ወይም ክትፎን ነው። ነገር ግን የሚወደድ ምግብ ሁሉ አንጀት የሚያርስ አይደለም። ዶሮ ወጥ የበዓል ምግብ ነው፤ ዶሮዋ በ12 ብልት ተገንጥላ፣ ሽንኩርቱ ለረዥም ሰዓት ተቁላልቶ፣ ለቤተ ዘመድና ለእንግዳ በክብር ይቀርባል። ክትፎም በጉራጌ ሕዝብ ዘንድ ከመስቀል በዓል ጋር የተያያዘ ስመ ጥር ምግብ ነው። እነዚህ ምግቦች ሰውን ያከብራሉ፤ የሚበላቸውም ሰው ለክብሩ ተዘጋጅቶ ይቀርባቸዋል። አንጀት የሚያርስ ምግብ ግን ሰውን እንዳለ ይቀበለዋል፤ የደከመውን ከነድካሙ፣ የታመመውን ከነሕመሙ፣ ኪሱ የሳሳውንም ከነእጦቱ።

ይህን ዓይነት ምግብ ከሌላው የሚለዩት ጠባዮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ልስላሴውና ትኩሳቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ብርድ የዋለ ሰው በቅድሚያ የሚሻው የሚሞቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ጠባይ የዕቃው ቀላልነት ነው። ሽሮ ከጥራጥሬ ዱቄት፣ ቅንጬ ከተከካ ገብስ ወይም ስንዴ፣ ፍርፍር ካደረ እንጀራ ይሠራል። በተለይም ፍርፍር የብልኅ ሴት ሥራ ነው፤ ትናንት የተጋገረ እንጀራ እርጥበቱ ስለሚቀንስ ቁሌቱን ይበልጥ ይመጥጣል፤ ለብቻው ሊበላ የማይመቸው ድርቆሽ እንኳ በቁሌት ሲርስ ጣዕሙን መልሶ ያገኛል።

ሦስተኛው ጠባይ ከሁሉ ይበልጣል። ይኸውም ምግቡ ሰው በሌላ ሰው እጅ ከተጠበቀበት ዘመን ጋር መያያዙ ነው። ገንፎ የአራስ ምግብ ነው፤ አጥሚት ለአራስና ለታመመ ይሰጣል፤ የበግ ቅቅል በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተቀቅሎ ጉንፋን ለያዘው ሰው ይቀርባል። እንዲህ ያለውን ምግብ ሰው መጀመሪያ የቀመሰው ራሱን መርዳት ባልቻለበት ጊዜ፣ በእናቱ ወይም በአያቱ እጅ ነው። ካደገም በኋላ ሲበላው ያን እጅ ያስታውሳል። ስለዚህ አንጀት የሚያርሰው ምግብ እንደ እያንዳንዱ ሰው አስተዳደግ ይለያያል እንጂ ለሁሉ አንድ ሊሆን አይችልም።

ከተማይቱና የገበያ ምግብ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በተቆረቆረች ጊዜ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ አልነበረም። እንግዳ በቤት ይስተናገድ ነበር፤ በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ አዳራሽም ግብር ይበላ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ሆቴል ሲከፈት፣ ከፍሎ መብላት ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ሆኖባቸው ስለ ነበረ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው ከፍለው በመብላት እንዳለማመዷቸው ይነገራል። ታሪኩ ምግብ በዘመኑ አስተሳሰብ ምን ያህል ከስጦታና ከዝምድና ጋር የተጣበቀ እንደ ነበረ ያሳያል።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያ ተመሠረተ። ፒያሳ፣ መርካቶና ካዛንችስ የሚሉት የሰፈር ስሞች የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው፤ ካዛንችስ የሚለው ስም ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ከሚሠራው ድርጅት መጠሪያ የመጣ ነው። ፓስታ፣ ስጎና ፉርኖ ዳቦም እንዲሁ ከነስማቸው በከተማው ገበታ ላይ ቀርተዋል። የከተማው ሕዝብ ግን ያገኘውን እንዳለ አልወሰደም፤ በርበሬና ቃሪያ የጨመረበትን ፓስታ በእንጀራ ላይ አውጥቶ በጣቱ ሲበላ፣ የባዕዱን ምግብ የቤቱ ልጅ አድርጎታል።

ከነጻነት በኋላ ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሥራና ለትምህርት ወደ ከተማይቱ የጎረፈው ሕዝብ እየበዛ ሄደ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የመጡ፣ አልጋ እንጂ ምድጃ የሌላቸው ነበሩ። በየጎረቤታቸውም ባሏ የሞተባት፣ ወይም ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከእንጀራ መጋገርና ከወጥ መሥራት በቀር ሌላ ሙያ ያልተማረች ሴት ነበረች። ትንሹ ምግብ ቤት የተወለደው ከነዚህ ከሁለቱ ችግር ነው። ዛሬም በከተማው ውስጥ ሲዘዋወሩ «እናት ጓዳ» የሚል ሰሌዳ የለጠፈ ምግብ ቤት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቷ ይህን ስም ስትመርጥ ለመንገደኛው የምትሰጠው ተስፋ ግልጽ ነው፤ የምግቧ መለኪያ የእርሱ የእናቱ ጓዳ እንዲሆን ፈቅዳለች።

በሰዓትና በሰፈር

አንጀት የሚያርስ ምግብ በቦታ ብቻ ሳይሆን በሰዓትም ይፈለጋል። ጧት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ፣ መፈለጊያው ቁርስ ቤት ነው። በመርካቶና በአካባቢው ሸክም የሚያነሡ ሰዎች፣ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ፉል ይበላሉ። ፉል ስሙ ዐረብኛ ነው፤ ባቄላው እስኪፈርስ ተቀቅሎ፣ ተደፍጥጦ፣ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ታጅቦ በትኩስ ዳቦ ይበላል። እስከ ቀትር ድረስ ሆድ የሚይዝ ስለ ሆነ የጉልበት ሠራተኛ ይመርጠዋል። በዚያው ሰዓት ጨጨብሳ ይቀርባል። ስሙ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን መቆራረስን ያመለክታል፤ ስስ ቂጣ ተቆራርሶ በተነጠረ ቅቤና በበርበሬ ይታሻል፤ አንዳንድ ቤትም ማር ይጨመርበታል። መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የፈሰሰበት ገንፎም በአንዳንድ ቁርስ ቤት ይገኛል፤ ገንፎ የሚያዝዘውን ጎልማሳ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከዳር ወደ መሐል እየቆረሰ በዝግታ ሲበላ ያየዋል።

ቀትር ላይ ተራው የሽሮ ቤት ነው። በረቡዕና በዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በከተማው ያሉ ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ የጾም ምግብ ያዘጋጃሉ። በየዓይነቱ በአንድ እንጀራ ላይ ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑንና ሽሮውን ሰብስቦ ያቀርባል። በጾም ወራት ሱፍ ፍትፍትና ተልባ የሚያቀርብ ቤት ካገኛችሁ፣ በዚያ ጓዳ ውስጥ የባህሉን ሥርዓት የምታውቅ ሴት እንዳለች ዕወቁ፤ የሱፉን ፍሬ ወቅጦና አጥልሎ ማውጣት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ ለትርፍ ብቻ የቆመ ቤት አይደክምበትም።

ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ደግሞ ቅቅል፣ ዱለትና ቋንጣ ፍርፍር ይፈለጋሉ። በዝናብ የረጠበ ሰው የቅቅሉን መረቅ በሁለት እጁ ይዞ ሲጠጣ ማየት የክረምት ምሽት ልማድ ነው።

ከላይ እንደ ተናገርኩት አንጀት የሚያርሰው ምግብ እንደ አስተዳደግ ስለሚለያይ፣ ከተማይቱ ከአንድ በላይ የእናት ጓዳ አላት። በቦሌ ሚካኤል አካባቢ ለተሰበሰበው የሶማሌ ተወላጅ፣ አንጀቱን የሚያርሰው ከፍየል ወይም ከግመል ሥጋ ጋር የቀረበ ሩዝና ከጎኑ የሚቀመጠው ሙዝ ነው። በመርካቶ ንግድ መስፋፋት ታላቅ ድርሻ ላላቸው የጉራጌ ተወላጆች፣ ክትፎው የክብር ምግብ ሲሆን የእናት ቤት ትዝታ ያለው ግን ከእንሰት በሚሠራው ቆጮና በጎመኑ ላይ ነው። ከትግራይ ከአጋሜ አካባቢ የመጣ ሰው ደግሞ የገብሱን ድብልብል ከወጡ እያጠቀሰ የሚበላበትን የጥሕሎ ቤት ጠይቆ ያገኛል። ከሌላው ወገን ገበታ የቀረበ እንግዳ ምግቡን ሊወደው ይችላል፤ የተወላጁን ፊት ልብ ብሎ ቢመለከት ግን እርሱ የሚቀምሰውና ተወላጁ የሚቀምሰው አንድ እንዳልሆነ ይረዳል።

የሽሮ አሠራር

የነገሩን ጠባይ ለመረዳት አንዱን ምግብ፣ ሽሮን፣ ከመነሻው መከተል ይጠቅማል። ሽሮ ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ይዘጋጃል። እህሉ ተለቅሞ፣ ታምሶና ተከክቶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማና ከሌሎችም ቅመሞች ጋር ይዋሐዳል፤ በርበሬ የተጨመረበት ቀይ፣ ያልተጨመረበት ነጭ ሽሮ ይባላል። ከዚያም በፀሐይ ደርቆ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። ይህ ሥራ የበጋ ሥራ ነው፤ ፀሐይ በሌለበት ወር የተዘጋጀ ሽሮ እርጥበት ይዞ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ባለሙያዋ ሴት የክረምቱን ሽሮ አስቀድማ ታሰናዳለች።

ወጡ ሲሠራ በመጀመሪያ ሽንኩርቱ ይቁላላል፤ ዘይት ወይም ቅቤ ይገባበታል፤ ውኃው ሲፈላ ዱቄቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሰነሰ ይማሰላል። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ከገባ ይጓጉላል፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ጓል ላይኛው ክፍል ሙቅ ውኃ እንዳገኘ አብጦ ስለሚዘጋ ውስጡ ደረቅና ጥሬ ሆኖ ይቀራል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ውኃውን ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ወጡ ይወፍራል። አላዋቂ በዚህ ጊዜ የበሰለ መስሎት ያወጣዋል። ባለሙያ ግን እሳቱን ቀንሳ፣ የጥሬ እህል ሽታ ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ እንዲንተከተክ ትተወዋለች። ተጋቢኖ የሚባለው ወፍራም ሽሮ እየፈላ በትንሽ ድስት ወይም በሸክላ ይቀርባል፤ ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ወጡ በገበታ ላይ ሆኖ እንኳ ድምፅ ያሰማል። ሥጋ የገባበት ቦዘና ሽሮ ይባላል።

እንጀራውም የራሱ ሥርዓት አለው። የጤፉ ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከሊጡ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውኃ አብሲት ተሠርቶ ይመለስበታል፤ ከዚያ በኋላ ይጋገራል። የእንጀራው ጎምዛዛነት የሽሮውን ክብደት ያቃልለዋል፤ ዓይኑም ወጡን ይይዘዋል። ስለዚህ ሰው በ10 ደቂቃ የሚበላው የሽሮ ሳህን፣ በበጋ ፀሐይ የተጀመረና ከሦስት ቀን በፊት የተቦካ ሥራ ውጤት ነው። በውጭ አገር በዳቦ የበላሁት ሽሮ የጎደለው አንዱ ነገር ይህ ነበር። ሌላውን የሚያስረዳው ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው።

የደኅና ቤት ምልክቶች

እነዚህን ቤቶች ፈልጎ ማግኘት ለሚሻ ሰው፣ ባለፉት ዓመታት ባለቤቶቹንና ደንበኞቹን በመጠየቅ የተረዳኋቸውን አራት ምልክቶች እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ ደኅና ቤት የሚያቀርበው የምግብ ዓይነት ጥቂት ነው። ዝርዝሩ የረዘመ ቤት ብዙ ቁሌት አስቀድሞ ሠርቶ እያሞቀ ይሰጣል። አንድ ወይም ሁለት ምግብ ብቻ የምታበስል ሴት ግን ቀኑን ሙሉ ከዚያው ድስት አትለይም።

ሁለተኛ፣ በደኅና ቤት ምግብ ያልቃል። 8 ሰዓት ላይ የሄደ ሰው «አልቋል» ቢባል አይቀየም፤ ቃሉ ትናንት የተረፈ ወጥ ዛሬ እንዳልቀረበ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፣ ሽሮውና በርበሬው እዚያው ይሰናዳሉ። በበጋ ወራት ከቤቱ በስተጀርባ በሰፌድ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ላይ የተሰጣ እህል ወይም በርበሬ ያየ ሰው ያለ ጥርጣሬ ይግባ።

አራተኛው ምልክት በገበታው ዙሪያ ያለው ሥርዓት ነው። በእነዚህ ቤቶች ወንበር ጥቂት ስለ ሆነ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ አግዳሚ ይቀመጣሉ። አስቀድሞ ምግብ የቀረበለት ሰው አዲስ ለተቀመጠው «እንብላ» ይለዋል፤ ያኛውም «ብሉ፣ ይባረክ» ይላል፤ ወይም እጁን ታጥቦ ይቀላቀላል። ምግቡ ለሁለት ሰው የታዘዘ እንደ ሆነ ባለቤቷ እንጀራ ጨምራ ሳትጠየቅ ታቀርባለች። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ብሂል በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በአግዳሚው ላይ ሲሠራ የሚታይ ነው። ደንበኞቿ ባለቤቷን «እትዬ» ወይም «እናቴ» ይሏታል፤ እርሷም ሽማግሌውን «ጋሼ»፣ ወጣቱን «ልጄ» እያለች ማን በርበሬ እንደማይችል፣ ማን ጨጓራውን እንደሚያመው፣ የማን ገንዘብ በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅ ታውቃለች። ገንዘብ ላለቀበት በዱቤ ትሰጣለች። ያ ሽሮ የሚያጽናናው ስለ በላተኛው እያሰበ የተሠራ በመሆኑ ነው። በተማሪዎች ማደሪያ የሠራሁት ሽሮ የጎደለውም ሁለተኛ ነገር ይኸው ነበር፤ ሠሪውም በላተኛውም እኔው ራሴ ነበርኩ።

የሰፈር መነሣት

ይህን ሁሉ ዛሬ ለመጻፍ ያስቸኮለኝ ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንችስ ተራ ሆነ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉት ከመሐል ከተማ የራቁ መኖሪያ ሰፈሮች ተዛወሩ። በጽሑፌ መጀመሪያ የጠቀስኳት የፒያሳዋ ሽሮ ቤትም ከፈረሱት አንዷ ናት። ቤቷ አንዲት ክፍል ስትሆን ሦስት አግዳሚ ነበራት፤ ጣራዋ በክረምት ያፈስስ ነበር፤ መጸዳጃውም የብዙ ቤተ ሰብ የጋራ ነበረ። ስለዚህ ያለፈውን ሁሉ እንደ ገነት አድርጎ መሣል ሐሰት ይሆናል።

ባለቤቷን ፈልጌ ያገኘኋት ከብዙ ወራት በኋላ በአዲሱ መኖሪያዋ፣ በፎቅ ላይ ነው። «ውኃው ደኅና ነው ልጄ፤ ጣራውም አያፈስም» አለችኝ። ምግብ መሸጡን ግን ለጊዜው ትታው ነበር። በፎቅ ላይ ከሰል ማቀጣጠል አይቻልም፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሠራችውን ሽሮ እርሷ ራሷ «ገና አልለመድኩትም» ትላለች፤ በርበሬ የሚሰጣበት ደጅም የለም። ከዚህ ሁሉ በላይ የከበዳት ግን የሰው ነገር ነው። የቀድሞ ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ አዲሶቹ ጎረቤቶቿም እርስ በርሳቸው ገና አልተዋወቁም። «ማን በርበሬ እንደማይችል አላውቅም» አለችኝ። ይህ አባባል ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ነገሩን ያስረዳኛል። የሽሮውን አሠራር ይዛው ሄዳለች፤ የበላተኞቹ ዕውቀት ግን ከሰፈሩ ጋር ተበትኖባታል።

የዱቤ ደብተሯን አወጣችልኝ። ደንበኞቿን የመዘገበችው በስማቸው አልነበረም፤ «ባለ መነጽሩ»፣ «ጋሼ ሾፌሩ»፣ «የባንኩ ልጅ» እያለች ነው። ሰፈሩ ሲነሣ ብዙ ዕዳ ሳይከፈል ቀርቶባት ነበር። ይሁን እንጂ ከዕዳ ጠያቂ ያመለጡ ባለዕዳዎች እርሷን እየጠየቁ መጥተዋል፤ አንዱ ከከተማው ማዶ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ ከከፈለ በኋላ፣ በወለሉ ላይ ተቀምጦ ሽሮ በልቶ ሄዷል። ገጹን ስትገልጥ «መምህር፣ 2 ሽሮ» የሚል ጽሕፈት አየሁ። እኔ ረስቼው ነበር። ሒሳቤን ከከፈልኩ በኋላ ልትሰርዘው ብዕር ስታነሣ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ቦታ ትታ በጎኑ መስመር አሰመረች።

ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። አሁን በረቡዕና በዓርብ ብቻ፣ ከሕንጻው በታች ባለች ትንሽ ቦታ ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር ሆና ሽሮ ትሸጣለች። የሚመጡት ሰዎች መጀመሪያ በየበኩላቸው ይበሉ እንደ ነበረ፣ አሁን አሁን ግን «እንብላ» መባባል መጀመራቸውን ነግራኛለች።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጸው የሚከተለውን እንረዳለን። አንጀት የሚያርስ ምግብ በትኩሳቱና በልስላሴው፣ በዕቃው ቀላልነትና በትዝታው ይታወቃል። በአዲስ አበባ የሚገኘውም ምግቡን የምታበስለው ሴት በላተኛዋን በምታውቅባቸው ትንንሽ ቤቶች ነው። ሰፈር ሲነሣ የአሠራሩ ሙያ አብሮ ይጓዛል፤ መተዋወቁ ግን በአዲሱ ቦታ እንደ እርሾ ከጥቂቱ ተጀምሮ እንደ ገና መቦካት አለበት፤ ይህም ጊዜ ይጠይቃል።

ስለዚህ ባህልን ለሚያጠኑ ሰዎች አንድ ሥራ አለ። የቤተ መንግሥት ግብርና የበዓል ገበታ በየመጽሐፉ ተመዝግቧል፤ የሽሮ ቤት ግን ያገኘው ትኩረት ጥቂት ነው። ተማሪዎቻችን በሚነሡትና በሚቋቋሙት ሰፈሮች እየገቡ፣ ማን እንደምታበስል፣ ሽሮዋ ከምን እህል እንደ ሆነ፣ በምን እሳት እንደምትሠራ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ዱቤው በምን ስም እንደሚጻፍ ቢመዘግቡ፣ ኋላ የሚመጣው ትውልድ የከተማውን ሕይወት ከሕንጻዎቹ ፎቶግራፍ ይልቅ ከዚህ መዝገብ ይረዳዋል።

ለአንባቢ የምሰጠው ምክር ደግሞ አጭር ነው። በሚቀጥለው ረቡዕ ቀትር ላይ፣ 6 ሰዓት ተኩል ሳይሆን፣ በሚኖሩበት ሰፈር ዝርዝር የሌላትን ትንሿን ቤት ፈልገው ይግቡ፤ ከማያውቁት ሰው አጠገብ ይቀመጡ፤ «እንብላ» ሲባሉም እጅዎን ይታጠቡ። የቀድሞ ሽሮ ቤትዎ ከሰፈርዎ ተነሥታ እንደ ሆነም ወዴት እንደ ሄደች ይጠይቁ። ምናልባት በደብተሯ ላይ ያልተከፈለ ሒሳብ ይኖርብዎት ይሆናል።